ብራውዘር ላይ ቤት ለምትሠሩ ልጆች

ሰሞኑን ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ቡና ይዘን አንዱ ልጅ «ጋሼ፣ ለሱቆች የሚሆን ዴስክቶፕ አፕ ልሠራ ነው፤ ኤሌክትሮን ይሻላል ወይስ ታውሪ?» አለኝ። ሁለቱም ድረ ገጽ በሚሠራበት ቋንቋ ዴስክቶፕ አፕ መሥሪያ ናቸው። ወሬው በአንድ ስኒ አላለቀም፤ እዚህ ልቀጥለው።

በ2003 ዓ.ም እዚሁ ሐዋሳ ለአንድ መድኃኒት ቤት የሽያጭና የስቶክ ሶፍትዌር ሠራሁ። መሠረቱ ዙልራነር ነበር፦ ጌኮ የሚባለው የፋየርፎክስ ሞተር፣ ፋየርፎክስ ራሱ ሳይኖር። መስኮቱንና ሜኑውን በዙል (ፋየርፎክስን የሚሠራው ሞዚላ ለዚሁ ባወጣው ቋንቋ)፣ ሥራውን በጃቫስክሪፕት ትጽፋላችሁ፤ ኤስኪውላይት የሚባለው ትንሽ ዳታቤዝ አብሮ ይመጣል። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ እኔን ግን አደመቀኝ። የአማርኛው ፊደል ሳይሰባበር ስክሪኑ ላይ ሲወጣ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት «ራስዎ ነዎት የሠሩት?» አለችኝ። አዎ አልኩ። የሞዚላ ሰዎች ይቅር ይበሉኝ።

ከዚያ ሞዚላ መንገድ ቀየረ። ዙልራነር እ.ኤ.አ. በ2015 መውጣቱን አቆመ፤ በ2017 ፋየርፎክስ 57 ሲመጣ በዙል የተሠሩት ተጨማሪዎችም ቀሩ። ማንም አልበደለኝም። አከራይ ቤቱን ያድሳል፣ ተከራይ ዕቃውን ያነሳል። የኔ ዕቃ ግን ከግድግዳው ጋር ተለስኗል።

«ሽጥ» የምትለው በተን ውስጥ ምን ያልነበረ አለ! ከስቶክ መቀነሱ፣ ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት መከልከሉ፣ ዋጋው፣ ደረሰኙ፣ ሁሉም እዚያው። ወደ ኤሌክትሮን ስዛወር ዳታቤዙን ለመክፈት አንድ ከሰዓት በቃኝ፤ ያችን በተን ለመፍታት ሁለት ወር ፈጀብኝ። ስቆፍር ጳጉሜን አምስት ትሁን ስድስት የሚያሰላ ቀመር አገኘሁ። የትኛው እብድ ጻፈው ብዬ ሳስብ እኔው ነኝ። (ዛሬ የክሮም ብራውዘር መሠረት በሆነው ክሮሚየም ውስጥ ያለው ኢንትል፣ ቀንና ቁጥር በየአገሩ ልማድ የሚጽፈው የጃቫስክሪፕት ክፍል፣ የኛን ዘመን አቆጣጠር ስለሚያውቅ ከዚህ ተገላግላችኋል።)

እናም ልጄ፣ መጀመሪያ የሥራውን ሕግ ከመስኮቱ ለየው። መድኃኒቱ ይሸጥ አይሸጥ የሚወስነው ፋይል መስኮት መኖሩንም ማወቅ የለበትም። ከተርሚናል፣ ያለ መስኮት በትእዛዝ ብቻ፣ ጠርተኸው ካልሠራ ገና ተለስኗል።

ምርጫው ከዚያ በኋላ ይቀላል። ኤሌክትሮን እ.ኤ.አ. በ2013 ጊትሃብ ውስጥ ለአተም ኤዲተር የተጀመረ ነው፤ አተም በ2022 ተዘጋ፣ ኤሌክትሮን ግን እነ ቪኤስ ኮድን (የኮድ መጻፊያውን) ተሸክሞ አለ። እያንዳንዱ አፕ የራሱን ክሮሚየምና ኖድ (ጃቫስክሪፕትን ከብራውዘር ውጭ የሚያስኬደውን) ስለሚይዝ ባዶ መስኮት እንኳ ዲስክ ላይ ከ100 ሜጋባይት ይበልጣል። 2 ጊጋ ራም ባለው የሱቅ ኮምፒውተር ሞክረው፣ በአንተ ላፕቶፕ አይደለም። ታውሪ የሲስተሙን ዌብቪው (ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውን የድረ ገጽ ማሳያ) ስለሚጠቀም ክብደቱ ይቀላል፤ ግን ማሳያው ዊንዶውስ ላይ ክሮሚየም፣ ማክ ላይ የሳፋሪ ሞተር ዌብኪት ስለሚሆን ሁለቱም ላይ መፈተሽ አለብህ።

አንድ ነገር ላይ አልደራደርም። ከኢንተርኔት ገጽ ለሚከፍት መስኮት ኖድን አትፍቀድለት። ብራውዘር ውስጥ ገጹን ብቻ የምታበላሽ ስክሪፕት እዚህ የደንበኛውን ፋይል ታጠፋለች። ከኤሌክትሮን 5 ወዲህ ዝግ ሆኖ ነው የሚመጣው፤ ክፈተው የሚል አሮጌ መልስ ታገኛለህ፣ እለፈው። አፕዴቱንም አታዘግይ፤ የሚደገፉት የመጨረሻዎቹ ሦስት ዋና ቨርዥኖች ብቻ ናቸው። ኢንተርኔት ለሌለው ደንበኛ እኔ በፍላሽ ይዤ እሄዳለሁ።

ዙልራነር የነበረበት ኮምፒውተር ዛሬም መድኃኒት ቤቱ ጓዳ ውስጥ አለ። ባለቤቷ አታስነካም፤ «የድሮው ሽያጭ እሱ ላይ ነው» ትላለች። ወደ አዲሱ እንዳዛወርኩት ስንቴ ነግሬያታለሁ።