ቻይና ደርሶ መመለስ ለምን ሁለት ዓመት ፈጀ?

«የድሮ ንግድ መርከቦች ቻይና ደርሰው ለመመለስ ሁለት ዓመት ገደማ የሚፈጅባቸው ቀርፋፋ ስለነበሩ ነው?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ፦ ኧረ አይደለም። ዋናው ነፋስ መጠበቁ ነው።

እኔ የምኖረው ስዊድን፣ ጎተንበርግ ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ወደ ከተማው ሙዚየም ይዤ እሄዳለሁ፤ ሕንፃው ከእስያ ጋር ይነግድ የነበረው የስዊድን ኢስት ኢንዲያ ኩባንያ የነበረ ነው። እዚያ ከማውቃት አንዲት መርከብ ልነሳ። ስሟ የከተማችን ስም ነው። በ1738 (ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ስቶክሆልም ተሠርታ ቻይና ሦስት ጊዜ ሄዳለች።

ቻይናዎች ለሻያቸውና ለሐራቸው የሚፈልጉት ብር፣ ማዕድኑን ማለቴ ነው፣ ነበር። ስዊድን ያላት ደግሞ ብረትና ጣውላ። ስለዚህ መርከቧ መጀመሪያ ስፔን፣ ካዲዝ ትቆማለች። ዕቃዋን ሸጣ የስፔን ብር ትጭናለች። ከዚያ አፍሪካን በደቡብ ጫፍ ትዞራለች። የስዊዝ ቦይ ገና አልተቆፈረም፤ በእኛ ደጅ በቀይ ባሕር ማቋረጥ የለም።

ከባዱ ነገር የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በደቡብ ቻይና ባሕር ነፋሱ በየወቅቱ አቅጣጫውን ይገለብጣል። በአገር ቤት ክረምት ወራት ወደ ካንቶን፣ ወደ ቻይናው ወደብ፣ ይገፋል፤ በአገር ቤት በጋ ደግሞ ከካንቶን ወደ ደቡብ ይመልሳል። ያመለጠው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። መርከቧ በ1743 ለሦስተኛ ጉዞዋ ስትወጣ የገጠማት ይኸው ነው። የኢንዶኔዥያዋ ጃቫ ደሴት ስትደርስ ነፋሱ አልፏታል። ወራት ጠብቃ ካንቶን የገባችው በ1744 ነው። ሻይ፣ ሐርና ፖርሴሊን (የቻይና ሸክላ ዕቃ) ጭና በ1745 መጀመሪያ ተነሳች። ፖርሴሊኑ ከታች ይደረደራል፤ ይከብዳል፣ ውኃም አይጎዳውም። ሻዩ ከላይ ነው። ያ ሁሉ ሻይ ግን አብዛኛው ስዊድን ውስጥ አልተጠጣም። ተሸጦ ይወጣል፤ ብዙው ቀረጥ ወደከበደባት እንግሊዝ በኮንትሮባንድ ይገባ ነበር። እንግዶቼ ስዊድኖች ይህን አደረጉ ስላቸው አያምኑኝም!

መስከረም 12 ቀን 1745 ወደቡ አፍ ላይ፣ ቤቷ ልትገባ ስትል፣ ከአለት ጋር ተላተመች። ሰው አልሞተም። ከጭነቱ ሲሶው ገደማ ወጥቶ ተሸጠ፤ የሚገርመው ጉዞው ያኔም አትርፏል።

በ2003 አምሳያዋ ተሠርታ ባሕር ላይ ወረደች። በ2005 ተነስታ ቻይና ደርሳ በ2007 ተመለሰች። ሞተር እያላት እሷም ሁለት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ወራት ነበር የቀሯት፤ ግን የእሷ በየወደቡ ጎብኚ እያስተናገደች ስለነበር ነው።