ዓመት ሳይሞላው ለተሰነጠቀው የብራስ ሶኬት፦ ጥፋቱ የግፊት ነው ወይስ የዕቃው?

ጥያቄው ከቦይለሩ መውጫ ላይ የታሰረው የግማሽ ኢንች ብራስ (የመዳብና የዚንክ ቅይጥ) ሶኬት፣ ማለትም የቧንቧ ማገናኛ ፊቲንግ፣ በቁመቱ ተሰንጥቋል፣ ባለሱቁም «የውሃ ግፊት ነው» ይላል፣ እውነት ነው ወይ የሚል ነው።

ግፊት አይመስለኝም። 10 ሜትር ከፍታ የሚሰጠው 1 ባር ገደማ ነው፤ ሮቶው ከሶኬቱ በ15 ሜትር ከፍ ብሎ ቢቀመጥ እንኳ 1.5 ባር ነው። ይህ ጤነኛ ብራስን ምንም አያደርገውም። የቦይለሩን ሴፍቲ ቫልቭ ግን ይፈትሹ፤ ከተደፈነ ውሃው ሲሞቅ ግፊቱ መውጫ ያጣል።

የተሰነጠቀውን ሶኬት አይጣሉት፣ ስብራቱን በብርሃን ይዩት። ውስጡ ንጹሕ ቢጫ ከሆነ ከመጠን በላይ ጠብቋል ወይም ግድግዳው ስስ ነው። እንደ መዳብ ቀልቶ በቢላ ጫፍ ሲነኩት የሚፈረፈር ከሆነ፣ ውሃው ዚንኩን አጥቦ ወስዶ ስፖንጅ የመሰለ መዳብ ብቻ ቀርቷል፤ ሙቅ ውሃ ደግሞ ይህን ያፋጥነዋል። ግራጫ ከሆነ ግን ከመጀመሪያውም ብራስ አልነበረም፤ ላዩ የተቀባ የዚንክ ቅይጥ ነው።

ይህን የመጨረሻውን ብዙዎች በማግኔት ለመለየት ይሞክራሉ። ማግኔት የሚያጋልጠው ብረትን ብቻ ነው፤ ዚንክም እንደ ብራስ አይሳብም። በሞረድ ጫር ማድረግ ይሻላል፤ ከልባጡ ሥር ቢጫ መታየት አለበት። ባለሱቁ ካላስጫረ አንድ ፍሬ ገዝተው ቤት ውስጥ በኩሽና ዲጂታል ሚዛን ይፈትኑት። መጀመሪያ ደረቁን ይመዝኑ። ቀጥሎ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አድርገው ቁጥሩን ዜሮ ያድርጉ። ፊቲንጉን በቀጭን ክር አንጠልጥለው ሙሉ በሙሉ ያጥልቁት፤ ታችም ጎንም አይንካ። ውስጡ የተያዘ አየር ውጤቱን ስለሚያበላሽ ነቅነቅ ያድርጉት። ደረቁን ክብደት አሁን ለሚያነቡት ቁጥር ያካፍሉ፤ 8.4 ወይም 8.5 አካባቢ ከመጣ ብራስ ነው፣ 6.7 አካባቢ ከመጣ ዚንክ ነው። ለምሳሌ 85 ግራም የሚመዝን ብራስ ውሃው ውስጥ 10 ግራም ገደማ ያሳያል፤ ዚንክ ከሆነ ወደ 13 ይጠጋል። ፕላስቲክ ወይም የብረት ብሎን ያለበት ዕቃ ላይ ግን ይህ አይሠራም።

ብራስ መሆኑ ብቻውንም አይበቃም። ገበያ ላይ የተለመደው 58 በመቶ ገደማ መዳብ፣ 2 በመቶ ገደማ እርሳስ፣ የቀረው ዚንክ ነው። ለሙቅ ውሃና ግድግዳ ውስጥ ለሚቀበር መስመር ዚንኩ የማይታጠብበትን ዓይነት ይጠይቁ፤ አካሉ ላይ «ሲአር» ወይም «ዲዜድአር» የሚል የእንግሊዝኛ ፊደል ይታተምበታል። አፉን ደግሞ ይዩት፦ ግድግዳው በአንድ በኩል ወፍሮ በሌላው ከሳሳ ይመልሱት። በአሸዋ ቅርጽ ቀልጦ የተሠራው ላይ መርፌ የወጋው የሚመስል ቀዳዳ ካለ ውሃው እንደ ላብ ይወጣበታል።

አሁን አስተሳሰሩ፣ ምክንያቱም ጥሩ ዕቃም እዚህ ይሰበራል። ጫፉ የሚሾል የብረት ቧንቧ ጥርስ ቀጥ ባለ የሴቴ ብራስ ጥርስ ውስጥ ሲገባ እንደ ሽብልቅ ይወጥረዋል። ቴፍሎን ሲበዛ ስለሚያንሸራትት እጅ ጥብቀቱን አይለይም፤ ቃጫ ሲበዛ ደግሞ ውጥረቱን ይጨምራል። በእጅ እስኪይዝ አዙረው ከዚያ በመፍቻ አንድ ወይም አንድ ተኩል ዙር ይበቃል፤ አንድ ሁለት ጥርስ ውጭ ቢቀር ችግር የለውም። ካፈሰሰ ፈትተው እንደገና ይጠቅልሉ እንጂ አያጥብቁት። እንዲህ ተወጥሮ የቀረ ብራስ አሞኒያ ያለበት ማጽጃ ከነካው ሳምንታት ወይም ወራት ቆይቶ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ በዕለቱ የግፊት ሙከራ ማለፉ ዋስትና አይሆንም።

ለቦይለሩ መውጫ አሁን ሲቀይሩ ወንዴ ጥርሱ በብራሱ በኩል፣ ሴቴው በብረቱ በኩል የሚሆንበትን ፊቲንግ ይምረጡ፤ ውጥረቱን የሚሸከመው ያኔ ብረቱ ይሆናል።