የነጥብ ማትሪክስ ስታዘጋጁ ከክብደቱ በፊት የነጥቡን ትርጉም ጻፉ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ላላዩት ባጭሩ ልድገመው። መሥሪያ ቤታችሁ ውስጥ 30 የሚሆኑ የሥራ ውጥኖች ተደርድረዋል። ሁሉም ክፍል «የእኔ ይቅደም» ይላል። አለቆችሽ በሶፍትዌር የነጥብ ማትሪክስ፣ ማለትም እያንዳንዱ ውጥን በየመስፈርቱ ነጥብ የሚያገኝበት ሰንጠረዥ፣ አዘጋጂና ቅደም ተከተል አውጪ ብለውሻል። አንቺ ደግሞ የትኛውን ሶፍትዌር ልጠቀም፣ ስንት መስፈርት ላስገባ፣ የመስፈርቶቹን ክብደት እንዴት ልወስን ብለሽ ጠይቀሻል።

በዚህ ሥራ ላይ ብዙ ስለቆየሁ ሰፋ አድርጌ ልመልስልሽ። ከሦስቱ ጥያቄዎችሽ ቀላሉ የሶፍትዌሩ ነው፤ እሱን ወደ በኋላ እመጣበታለሁ። ሰው ሁሉ የሚጨቃጨቀው በክብደቱ ላይ ነው። ማትሪክሱን የሚያቆመው ወይም የሚጥለው ግን አንቺ ያልጠየቅሽው ነገር ነው፤ ነጥቦቹ ምን ማለት ናቸው? አንዱ «4» ብሎ ሲሞላ ሌላው ያንኑ 4 እንዴት ነው የሚረዳው? ይህ በጽሑፍ ካልተቀመጠ ከዚያ በኋላ ያለው ፎርሙላ ሁሉ ከንቱ ድካም ነው።

መጀመሪያ ግን ማጣራት አለብሽ። ዝርዝሩን እንዳለ ወደ ማትሪክሱ አታስገቢው። ከ30ዎቹ ውስጥ ሕግ ስለሚያስገድድ የሚሠሩ ይኖራሉ። ውል የተገባባቸው ይኖራሉ። አምራቹ ድጋፍ ሊያቆምበት የተቃረበ ሲስተምም ሊኖር ይችላል። እነዚህ ነጥብ አያስፈልጋቸውም። ሕግ የሚጠይቀውን ሥራ 2.9 ስላመጣ ብሎ የሚተወው የለም። «የግድ» የሚል ኮለም ክፈቺና ምክንያታቸውንና የመጨረሻ ቀናቸውን ጽፈሽ ለብቻ አስቀምጫቸው። የሚፈልጉትን የሰው ኃይልም አስቀድመሽ ቀንሺ። ማትሪክሱ የሚያከፋፍለው የተረፈውን አቅም ነው። አደራ፣ ይህ በር ጠባብ ይሁን። የሕጉን አንቀጽ ወይም የውሉን ገጽ ያላሳየ ውጥን በዚያ አይግባ። አለበለዚያ ውጥኑ ወደ ኋላ የቀረበት ሁሉ በዚያ በኩል ለመግባት ይሞክራል፤ አንቺም እምቢ የምትይበት ማስረጃ አይኖርሽም።

በዚያው አጋጣሚ የውጥኖቹን መጠን እዪ። «የደንበኛ አገልግሎቱን በሙሉ ማዘመን» እና «የመመዝገቢያ ቅጹን ማሳጠር» አንድ ሰንጠረዥ ውስጥ አይወዳደሩም። ትልቁን በየራሱ ውጤት ሊያመጡ ወደሚችሉ ክፍሎች በትኚው። ብዙ ጊዜ ከትልቁ ውጥን ውስጥ በጣም የሚጠቅመው አንድ ቁራጭ ብቻ ሆኖ ይገኛል።

መስፈርቶቹ ከ4 እስከ 6 ቢሆኑ ይበቃሉ። ከዚያ ሲበዙ ሰው ይደክመዋል፣ ሳያስብ መሙላት ይጀምራል። ከቁጥሩ ይልቅ የሚያሳስበኝ መደራረባቸው ነው። «ገቢ መጨመር»፣ «አዲስ ደንበኛ ማምጣት» እና «የገበያ ድርሻ ማስፋት» ብለሽ ሦስት ኮለም ብትከፍቺ አንዱን ነገር ሦስት ጊዜ ቆጠርሽው ማለት ነው። የሽያጭ ክፍል ውጥኖች ሳይለፉ ከላይ ይቀመጣሉ። ይህን የሚያጋልጥ ቀላል ዘዴ አለ፦ ውጥኖቹ ነጥብ ካገኙ በኋላ ሁለት ኮለሞች ጎን ለጎን አስቀምጪ። አንዱ ከፍ ሲል ሌላው ሁልጊዜ አብሮት ከፍ የሚል ከሆነ አንዱን አስወጪው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ለእያንዳንዱ መስፈርት ከ1 እስከ 5 ያለው ነጥብ ምን ማለት እንደሆነ በዓረፍተ ነገር ጻፊ። «ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ» ትርጉም አይደለም፤ ያንኑ ቁጥር በሌላ ስም መጥራት ነው። ለምሳሌ «ለደንበኛ ያለው ጥቅም» የሚለውን እንውሰድ። 1 ማለት ደንበኛው ለውጡን አያስተውለውም። 3 ማለት በቅሬታ መዝገብ ላይ ተደጋግሞ የሚታይ ችግር ይፈታል፣ ነገር ግን ደንበኛው እስከ ዛሬ ሌላ መንገድ እየተጠቀመ ሥራውን ይጨርሳል። 5 ማለት አብዛኛው ደንበኛ ሥራውን ጨርሶ መጨረስ ያቃተበት ችግር ይፈታል፣ ይህም በመዝገብ ይታያል። 2 እና 4 በመሃል ይገባሉ። በሚለካ ነገር ላይ ደግሞ ቁጥር አስገቢ። የሥራ ጫናን «ከባድ፣ ቀላል» ከማለት በሰው ሳምንት (አንድ ሰው በአንድ ሳምንት በሚሠራው ሥራ) ብትጽፊው ይሻላል፦ ከ2 የሰው ሳምንት በታች የሆነው 5፣ ከ26 በላይ የሆነው 1።

የሥራ ጫና ላይ አቅጣጫው እንደተገለበጠ ልብ በይ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ጫናው ሲበዛ ነጥቡ የሚጨምር ከሆነና ከሌሎቹ ጋር ከተደመረ፣ ማትሪክሱ ውጥኑን ከባድ ስለሆነ ይሸልመዋል። ስለዚህ ወይ «ቅለት» ብለሽ ሰይሚውና ቀላሉ 5 ይሁን፣ ወይ ጥቅሙን ደምረሽ በጫናው አካፍዪ። «ስጋት» የሚለው መስፈርትም እንዲሁ ነው። ውጥኑ የሚቀንሰው ስጋት ነው ወይስ ይዞት የሚመጣው? ስሙ ላይ ግልጽ ካልሆነ ግማሹ ሰው በአንዱ፣ ግማሹ በሌላው ይሞላዋል።

ክብደቱን በቁጥር ላሳይሽ። አራት መስፈርቶች ይኑሩን፦ ገቢ 40፣ የደንበኛ ጥቅም 25፣ ስጋት መቀነስ 20፣ ቅለት 15፣ ድምሩ 100። ሦስት ውጥኖች እናወዳድር። ደንበኛው ራሱን የሚያስተናግድበት ፖርታል በቅደም ተከተል 4፣ 5፣ 2፣ 2 አገኘ። የክፍያ ሲስተሙን ማደስ 3፣ 3፣ 5፣ 2 አገኘ። አዲስ የሪፖርት ዳሽቦርድ 2፣ 4፣ 1፣ 5 አገኘ። ነጥቡን በክብደቱ አባዝተሽ ስትደምሪ ፖርታሉ 3.55፣ ክፍያው 3.25፣ ዳሽቦርዱ 2.75 ይመጣል። ፖርታሉ አንደኛ ወጣ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሰንጠረዡን ዘግቶ ይሄዳል። አንቺ ግን አትዝጊው። ክብደቱን ለአራቱም እኩል 25 አድርጊውና እንደገና እዪው። ፖርታሉም ክፍያውም 3.25 ሆነው እኩል ይወጣሉ፤ ዳሽቦርዱ 3.0። አሁን ደግሞ ከገቢ ላይ 10 ቀንሰሽ ወደ ስጋት አዛውሪ፤ ሁለቱም 30 ይሁኑ። ፖርታሉ 3.35፣ ክፍያው 3.45። ክፍያው ቀደመ። እንግዲህ ማትሪክሱ አስረግጦ የነገረሽ አንድ ነገር ነው፤ ዳሽቦርዱ በሞከርናቸው ክብደቶች ሁሉ ሦስተኛ ነው። በፖርታሉና በክፍያው መካከል ግን አልወሰነም። ውሳኔው ድርጅቱ በዚህ ዓመት ገቢን ያስቀድም ወይስ ስጋትን የሚል ነው፤ እሱ ደግሞ የአለቆችሽ ሥራ ነው። ይህን ጥያቄ አጥርተሽ ካቀረብሽላቸው ማትሪክሱ ከበቂ በላይ ሠርቷል። 3.55 እና 3.25 እንደ ፈተና ውጤት መታየት የለባቸውም።

ስለ ክብደት የሚደረገው ጭቅጭቅ ከጥቅሙ በላይ ጊዜ ይበላል የምለው ለዚህ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሮቢን ዶውስ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ክብደታቸው እኩል የሆነ ቀላል ቀመሮች እንኳ ብዙ ጊዜ ከባለሙያ ግምት የተሻለ እንደሚተነብዩ አሳይቷል። ቅድመ ሁኔታው ግን ትክክለኛዎቹ መስፈርቶች መመረጣቸውና አቅጣጫቸው መስተካከሉ ነው። ስለዚህ በእኩል ክብደት ጀምሪ። ከዚያ አለቆችሽ በእርግጠኝነት «ይህ ከዚያ ይበልጣል» የሚሉትን ብቻ ከፍ አድርጊ። 17 ይሁን ወይስ 18 በሚል ክርክር ስብሰባ አታባክኑ። ክብደቱ ነጥብ መሰጠት ከመጀመሩ በፊት ይጽደቅና ይቆለፍ። ውጤቱ ከታየ በኋላ ክብደት የሚነካካ ሰው የሚፈልገውን ውጤት እየፈለገ ነው።

ሰንጠረዡ ላይ ስትሠሪ፣ ኤክሴልም ሆነ ጉግል ሺትስ፣ ነጥቡን በክብደቱ እያባዛ የሚደምረው ሰምፕሮዳክት (SUMPRODUCT) የሚለው ፎርሙላ ይበቃሻል። ክብደቶቹ ያሉበትን ረድፍ በዶላር ምልክት ቆልፊው፤ አለበለዚያ ፎርሙላውን ወደ ታች ስትጎትቺው ረድፉ አብሮ ይወርድና ውጤቱ ሁሉ ይበላሻል። ድምሩን ለክብደቶቹ ድምር ብታካፍዪው ክብደቱ 100 ባይሞላም ችግር የለም። የነጥብ ሴሎቹ ከ1 እስከ 5 ብቻ የሚቀበል ድሮፕዳውን ይኑራቸው። በጣም የምትጠነቀቂለት ግን ባዶ ሴል ነው። ፎርሙላው ባዶውን እንደ ዜሮ ይቆጥረዋል፣ ምንም ማስጠንቀቂያም አይሰጥሽም። አንድ ሰው ሳይሞላ የቀረው ውጥን ደካማ መስሎ ታች ይወርዳል። ስለዚህ ከአራቱ አንዱ ባዶ ከሆነ በነጥብ ፈንታ «አልተሟላም» የሚል እንዲወጣ አድርጊ።

የነጥብ አሰጣጡ ራሱ በሁለት ዙር ይሁን። መጀመሪያ እያንዳንዱ ሰው ለብቻው፣ የሌላውን ሳያይ ይሙላ። በስብሰባ ላይ አንድ ላይ ከተጀመረ አለቃው 5 ሲል ሌላው ሁሉ 4 እና 5 ይላል። ከዚያ ስትሰበሰቡ የተስማማችሁበትን ዝለሉትና ልዩነት ያለበትን ብቻ አንሱ። አንድ ጊዜ በነበርኩበት ስብሰባ ለአንድ ውጥን «የደንበኛ ጥቅም» ላይ የሽያጭ ኃላፊው 5 ሰጠ፣ የደንበኞች አገልግሎት ኃላፊዋ 2 ሰጠች። አማካዩን 3.5 ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ስንጠይቃቸው ግን እሱ ያሰበው ገና የሚመጣውን ደንበኛ ነው፣ እሷ ያሰበችው ዛሬ ያለውን። ሁለቱም ልክ ነበሩ። መስፈርቱ «የትኛው ደንበኛ» የሚለውን አልተናገረም ነበር። ዓረፍተ ነገሩን አስተካክለን እንደገና ሲሞላ ልዩነቱ ጠፋ፤ ሌሎች ውጥኖችም አብረው ቦታ ቀየሩ። አማካይ እንዲህ ያለውን ነገር ይሸፍነዋል። ስለዚህ የ2 እና ከዚያ በላይ ልዩነት ያለበትን ሴል በቀለም እንዲያሳይሽ አድርጊ።

ሌላው አንድ የእርግጠኝነት ኮለም ጨምሪ። ራይስ (RICE) የሚባለው፣ ኢንተርኮም የተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ ሰዎች ያወጡት ዘዴ ይህን በደንብ ይዞታል፦ የሚደርሰውን ሰው ብዛት በተጽዕኖውና በእርግጠኝነቱ አባዝተሽ በሥራ ጫናው ታካፍያለሽ። በሩብ ዓመት 2000 ሰው የሚደርስ፣ ተጽዕኖው 2፣ እርግጠኝነቱ 80 በመቶ፣ ጫናው 4 የሰው ወር የሆነ ሥራ 800 ያመጣል። እርግጠኝነቱ ወደ 50 በመቶ ከወረደ 500 ይሆናል። በግምት ላይ የቆመ ውጥን ማስረጃ ካለው እኩል እንዳይሰለፍ ይረዳል። ነገር ግን ራይስን እንዳለ ለእናንተ አልመክረውም። በአንድ ምርት ውስጥ ለሚጨመሩ ፊቸሮች ነው የሚስማማው። የሂሳብ ክፍል ሲስተምና የደንበኛ አፕ አንድ ላይ ሲመጡ የሚደርሰው ሰው ብዛት አያወዳድራቸውም። የእርግጠኝነቱን ሐሳብ ብቻ ውሰጂ።

አሁን ሶፍትዌሩ። የመጀመሪያውን ዙር በሰንጠረዥ ሥሩት፤ መስፈርቶቹ ገና ስለሚለዋወጡ በቀላሉ ታስተካክያለሽ። እንደ ጂራ ፕሮዳክት ዲስከቨሪ ወይም አሃ ወዳሉት ለዚህ ሥራ ወደተዘጋጁ ሶፍትዌሮች ለመሄድ የሚያበቃሽ ምክንያት ነጥብ ሰጪው ሲበዛ፣ ወይም ውጥኑ ከሚሠራው ሥራ ጋር መያያዝ ሲኖርበት ነው። ሻጩ ሲያሳይሽ ውብ ቻርቱን ተይውና እነዚህን ጠይቂው፦ የእያንዳንዱ ሰው ነጥብ ለየብቻ ይቀመጣል? ክብደቱን ብቀይር የድሮው ውጤት ይቀራል ወይስ ይጠፋል? ማን ምን እንደቀየረ ይታያል? ዳታዬን ሙሉ በሙሉ ማውጣት እችላለሁ? የነጥቡን ትርጉም ሰው በሚሞላበት ቦታ ላይ ማሳየት ይቻላል? የመጨረሻው ትንሽ ይመስላል፣ ግን ትርጉሙ ሌላ ፋይል ውስጥ ከሆነ ማንም ከፍቶ አያየውም።

አለቆችሽ ደረጃውን ሊሽሩ ይችላሉ። መብታቸው ነው፣ አትታገዪው። ግን «የማትሪክሱ ደረጃ» እና «የተወሰነው ደረጃ» ሁለት የተለያዩ ኮለሞች ይሁኑ፤ ከአጠገባቸው «ምክንያት» የሚል ሦስተኛ ኮለም ይኑር። ነጥቡን ጠምዝዞ ውጤቱን ከመቀየር ምክንያቱን በግልጽ መጻፍ ይሻላል። ሰዎች ጥያቄያቸው ወደ ኋላ ሲቀር የሚያስቆጣቸው ለምን እንደሆነ አለማወቃቸው ነው።

ለሁሉም ከማስተዋወቅሽ በፊት ደግሞ በተጠናቀቁ ፕሮጀክቶች ፈትሺው። ባለፉት ሁለት ዓመታት የተሠሩ 8 ያህል ምረጪ፤ ግማሾቹ የተሳኩ፣ ግማሾቹ ያልተሳኩ። ሲጀመሩ በነበረው መረጃ ብቻ ነጥብ ስጧቸው። የከሸፈው ከተሳካው በላይ ከወጣ የትኛው መስፈርት እንዳሳሳተ ፈልጉ። ሁልጊዜ ማለት ይቻላል የሥራ ጫናው ታች ተገምቶ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ አዲሶቹ ሲጠናቀቁ የተገመተውንና በእውነት የፈጀውን የሰው ሳምንት ጎን ለጎን መዝግቢ፤ በየሩብ ዓመቱ ነጥቡን ስትከልሱ ይጠቅማችኋል።

ማጣሪያውን አልፈው ስንት ውጥኖች እንደቀሩ ብትነግሪን፣ የመስፈርቶቹንም ትርጉም ረቂቅ እዚህ ብትለጥፊልን፣ እኔም ሌሎቹም አንብበን የማይገባንን እንነግርሻለን።