ሽፋን ያለው ብረት ወይስ በሲሚንቶ የሚተከለው?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ነው። የ74 ዓመት እናቴ ትናንት ደረጃ ላይ አዳልጧት ወድቃ የጭን አጥንቷ አንገት ተሰብሯል። ሐኪሞቹ በሲሚንቶ የሚያዝ ሰው ሠራሽ ብረት እንደሚተኩላት ነገሩን። አንድ ዘመዳችን ግን «ሲሚንቶ ያረጀ ሕክምና ነው፤ አጥንት የሚበቅልበት ሽፋን ያለውን ከውጭ አስመጡላት» አሉን። ገንዘብ መበደር ጀምረናል። እንጠብቅ?

መልስ፦ አትጠብቁ። ብድሩንም አቁሙ። በዚህ ዕድሜ የዳሌ ስብራት ደርሶበት አልጋ ላይ የሚቆይ ሰው በየቀኑ ለሳንባ ምች፣ ለደም መርጋትና ለአልጋ ቁስል ይጋለጣል። ቀዶ ሕክምናው ዛሬ ወይም ነገ ቢደረግላቸው ይመረጣል።

ዘመዳችሁ ስለ ሽፋኑ የሰሙት መሠረት አለው። ሃይድሮክሲአፓታይት የሚባለው ሽፋን የራሳችን አጥንት ከተሠራበት የካልሲየምና የፎስፌት ማዕድን ጋር ይመሳሰላል። ዱቄቱ ፕላዝማ በሚባል እጅግ በጋለ ጋዝ ቀልጦ ታይታኒየሙ ላይ ይረጫል፤ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊሜትር እጅግ ያነሰ ነው። አጥንት እንዲህ ያለውን ገጽ እንደ ባዕድ አይሸሸውም፣ እየበቀለ ይይዘዋል። በመገጣጠሚያ ብግነት ለሚሠቃይ፣ አጥንቱ ጠንካራ ለሆነ የ50 ዓመት ሰው ቢሆን እኔም ብዙ ጊዜ ይህንኑ እመርጣለሁ።

ነገር ግን አጥንቱ በቅሎ እስኪይዝ ሳምንታትና ወራት ይፈጃል። እስከዚያ ብረቱ የሚጸናው የጭን አጥንቱ ውስጥ በመዶሻ ተመትቶ ስለሚጠብቅ ብቻ ነው። የእናትዎ አጥንት መሳሳቱን ስብራቱ ራሱ ነግሮናል፤ የሳሳ አጥንት ደግሞ በመዶሻው ምት ወይም ከዚያ በኋላ ሊሰነጠቅ ይችላል። በ2022 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ የሆኑ፣ ልክ እንደ እናትዎ የተሰበሩ ሰዎችን አወዳድሮ ነበር። በብረቱ ዙሪያ አጥንታቸው እንደገና የተሰበረው በሲሚንቶ ከተተከለላቸው 0.5 በመቶ፣ ሽፋን ያለው ከገባላቸው ግን 2.1 በመቶ ናቸው።

ሲሚንቶ የሚባለውም የግንባታ ሲሚንቶ አይደለም፤ በደቂቃዎች ውስጥ የሚጠነክር አክሪሊክ የሚባል የፕላስቲክ ዓይነት ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ስለሚይዝ እናትዎ በማግስቱ በድጋፍ ሊቆሙ ይችላሉ። ተሕዋስያንን የሚገድል ጄንታማይሲን የመሰለ መድኃኒትም ሊቀላቀልበት ይችላል፤ ተራው የሃይድሮክሲአፓታይት ሽፋን ግን ተሕዋስያንን አይገድልም። አንድ ስጋት አለ፦ ሲሚንቶው ሲገባ የደም ግፊት በድንገት ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ካለባቸው ለሰመመን ባለሙያው አስቀድማችሁ ንገሩ።

ያሰባሰባችሁት ገንዘብ ለመራመጃ ድጋፍ፣ ለፊዚዮቴራፒና ለምግባቸው ይዋል። ደረጃውን በተመለከተ ፊዚዮቴራፒስቱ ሳያለማምዳቸው እንዳይሞክሩት። ሲወጡ ጤነኛው እግር ይቀድማል፣ ሲወርዱ የተሠራው። ለቡና ሥርዓት በርጩማ ላይ መቀመጥ ለጊዜው ይቅር፤ ጉልበታቸው ከዳሌያቸው በላይ ከሆነ ብረቱ ከቦታው ሊወጣ ይችላል። ከፍ ያለ ወንበር አዘጋጁላቸው፤ መጸዳጃውም ቁጢጥ የማያስብል ይሁን።

ከሆስፒታል ሳትወጡ ደግሞ ለአጥንት መሳሳቱ ምን መድኃኒት እንደሚታዘዝላቸው ጠይቁ። ብዙ ቤተሰብ ስብራቱ ከተጠገነ በኋላ ይህን ይረሳዋል፤ ሁለተኛው ዳሌም አደጋ ላይ ነው።