ገንዘብ ያዥም መዝጋቢም አንቺው?

ጥያቄ፦ በአካውንቲንግ ተመርቄ አዳማ ውስጥ አንድ የግንባታ ዕቃ አከፋፋይ ድርጅት በጀማሪ ሂሳብ ሠራተኝነት ቀጠረኝ። ገንዘብ ያዧ ለወሊድ ስትወጣ «ለጊዜው ነው» ተብዬ የካዝናው ቁልፍ ተሰጠኝ። እሷ በዚያው ሥራ ለቀቀች፣ ቁልፉም እኔ ጋ ቀረ። አሁን ገንዘብ እቀበላለሁ፣ እከፍላለሁ፣ ራሴው እመዘግባለሁ። ባለፈው ወር ሂሳቡ ጎደለ። ዋስ የሆኑኝ አጎቴ «ሥራ በጠፋበት ዘመን አርፈሽ ሥሪ» ይሉኛል። ደመወዜም ትንሽ ነው። ማስተርስ ልጀምር ወይስ ኤሲሲኤ የተባለውን ዓለም አቀፍ የሂሳብ ሙያ ፈተና?

መልስ፦ እህቴ፣ ኦዲት ላይ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ገንዘብ አጎደላችሁ የተባሉ ብዙ ወጣቶች አጋጥመውኛል። አብዛኞቹ ሌቦች አልነበሩም። ማን ምን እንደሚሠራ ባልተጻፈበት ቢሮ የታዘዙትን ሁሉ እሺ ያሉ ልጆች ነበሩ።

ገንዘብ የሚይዝ አይመዘግብም። የሚመዘግብ ገንዘብ አይነካም። ክፍያ የሚፈቅደው ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ሰው ነው። ይህ አሠራር ከማንም በፊት የሚጠብቀው ንጹሑን ሠራተኛ ነው። ሥራው ለሁለት ሲከፈል፣ ጉድለት ቢመጣ የአንዱ ወረቀት ከሌላው ጋር ይመሳከራል። ሁሉንም አንቺ ከያዝሽው ግን ንጽሕናሽን የሚመሰክር ወረቀት ከየት ይመጣል?

አጎትሽ ተሳስተዋል፤ በግልጽ ንገሪያቸው። ዋስ ሲሆኑ የፈረሙት ለሂሳብ ሠራተኛ ነው ወይስ ለገንዘብ ያዥ? የዋስትናውን ወረቀት አውጡና አብራችሁ አንብቡት። ነገ ገንዘብ ቢጎድል ከአንቺ ቀጥሎ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው።

የሥራ ውልሽንም ፈልጊ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ውሉ የሥራውን ዓይነት መግለጽ እንዳለበት ይደነግጋል። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ እንኳ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። «ሂሳብ ሠራተኛ» የሚል ካገኘሽ መነሻሽ እሱ ነው።

ከዚያ አንድ ገጽ ወረቀት ውሰጂ። በክፍላችሁ በየሳምንቱ የሚሠራውን ሁሉ ጻፊ፤ የሽያጩንም፣ የስቶሩንም። ከእያንዳንዱ ጎን ማን ትእዛዝ እንደሚሰጥ፣ ማን እንደሚሠራ፣ ማን እንደሚያረጋግጥ አስፍሪ። የአንቺ ስም ሦስቱም ቦታ የገባበት ሥራ ሁሉ አደጋ አለው። ወረቀቱን ይዘሽ ሥራ አስኪያጁ ጋ ግቢ። «ሥራ በዛብኝ» አትበይ፤ «ያልበዛበት ማን አለ?» ብለው ያልፉሻል። «ገንዘቡን እኔ ከያዝኩ ሌላ ሰው ይመዝግብ፤ እኔ ከመዘገብኩ ሌላ ሰው ይያዝ» በያቸው። የተስማማችሁበትን በዚያው ቀን በኢሜል ላኪላቸው።

ምረጪ ካሉሽ መዝገቡን ያዢ። ሙያሽ እዚያ ነው የሚያድገው። ካዝናውን ግን ያለ ቆጠራ እንዳታስረክቢ። ጥሬ ገንዘቡ፣ ያልተወራረዱ ሰነዶች፣ የቼክ ቁጥሮች ተዘርዝረው አስረካቢ፣ ተረካቢና ታዛቢ ይፈርሙበት። አንድ ቅጂ ቤትሽ ይቀመጥ። አንቺ ቁልፉን ስትቀበይ እንዲህ ያለ ርክክብ ካልነበረ ደግሞ ጉድለቱ ከመቼ እንደጀመረ ማንም በእርግጠኝነት ሊናገር አይችልም። ስለዚህ «የጎደለውን እተካለሁ» የሚል ወረቀት ቢያቀርቡልሽ አትፈርሚ።

ኤሲሲኤ ጀምሪ፤ ሥራ ላይ ሆነሽ ፈተናውን በየተራ ትወስጃለሽ። ማስተርሱ ይደርሳል። የደመወዙን ነገር የሥራ ድርሻሽ ከተለየ በኋላ አንሺው።

ሥራ አስኪያጁ አሻፈረኝ ካሉ ካዝናውን ለማስረከብ ማመልከቻ ጻፊና ቅጂው ላይ «ደርሶናል» አስብለሽ አስፈርሚ። ሌላ ሥራ መፈለግም በዚያው ሳምንት ጀምሪ።