የበረንዳ መብራትና የሸረሪት ድር፦ ለሳቢያን ጠያቂያችን የተሰጠ ምላሽ

ከድሬዳዋ ሳቢያን የጻፉልን እህት፣ ከክረምቱ ዝናብ ወዲህ በበረንዳቸው ጣሪያ፣ በሳሎኑ የላሜራ በር ማዕዘኖችና ከበሩ አጠገብ ባለው መስኮት ላይ ሸረሪቶች እንደበዙባቸው፣ ድሩን ቢጠርጉትም በማግስቱ ተመልሶ እንደሚያገኙት፣ መኝታ ቤቶቹና ዕቃ ቤቱ ግን ከሞላ ጎደል ንጹሕ እንደሆኑ ገልጸዋል። ጎረቤቶቻቸው መርዝ እንዲረጩ መክረዋቸዋል፤ እናታቸው ደግሞ ነቢዩ ሙሐመድ በተሸሸጉበት ዋሻ ደጃፍ ላይ ድር ስላደራችው ሸረሪት የሚነገረውን ታሪክ አንሥተው በቤታቸው ሸረሪት እንዳይገደል አጥብቀው አሳስበዋል። በደብዳቤው ግርጌ ላይ እንደ ተራ ነገር የተጠቀሱ፣ እኔን ግን ይበልጥ የሳቡኝ ሁለት ነጥቦች አሉ፦ አምና የተተከለው ነጭ የበረንዳ አምፖል ሌሊቱን ሙሉ ይበራል፤ ሲጠፋም ጭላንጭል ብርሃን አይለየውም።

እህቴ፣ የእናትዎን ቃል ሳይሽሩ ይህን ነገር ማቃለል ይቻላል። ከምልክቶቹ ተነሥቼ የምጠረጥረው የበረንዳውን አምፖል ነው። ሸረሪት ምግቧ ባለበት ትሰፍራለች፤ ስለዚህ ድሩ በአንድ በር ዙሪያ፣ ያውም መብራት በሚያድርበት በኩል ብቻ ከተሰበሰበ፣ መብራቱ ነፍሳትን ይሰበስባል፣ ከእነርሱም ከፊሎቹ በበሩ ክፍተት ወደ ሳሎን ይዘልቃሉ፣ ሸረሪቶቹም እነርሱን ተከትለው ይገባሉ ማለት ነው። ይህ ሳይስተካከል ሸረሪቶችን ማሳደድ ሥጋውን በደጃፍ ሰቅሎ ድመት እንደ መከልከል ይሆናል። ዝናቡ ነፍሳቱን ስለሚያበዛቸው ነገሩ በክረምት ጎልቶ መታየቱም አያስገርምም።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የበረንዳውን አምፖል፣ መያዣውን ወይም በዙሪያው የተጠመጠመውን ድር በእጅም ሆነ በእርጥብ ጨርቅ ከመንካትዎ በፊት፣ በግድግዳው ማጥፊያ ብቻ ሳይተማመኑ፣ ከቆጣሪው አጠገብ ያለውን ብሬከር ያውርዱ። ምክንያቱን ከታች አስረዳለሁ።

ነፍሳት በመብራት ዙሪያ ለምን እንደሚሽከረከሩ ሰፋ አድርጌ ማስረዳት እወዳለሁ፤ የአምፖሉ አቀማመጥ የሚወሰነው በዚሁ ስለሆነ ይታገሡኝ። ለረጅም ጊዜ ሲነገር የኖረው፣ ነፍሳት ሙቀት ፈልገው ይመጣሉ፣ አለዚያም አምፖሉ ጨረቃ መስሏቸው አቅጣጫ ይስታሉ የሚል ነበር። የሙቀቱ ነገር እንደማያስኬድ ማንም የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ያውቃል፤ እንደ ድሮው አምፖል የማይፋጀው ኤልኢዲም ይሰበስባቸዋልና። በጥር 2016 ዓ.ም. የለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር ባወጡት ጥናት፣ እጅግ ፈጣን በሆኑ ካሜራዎች የነፍሳትን በረራ ቀርጸው፣ ነፍሳቱ በቀጥታ ወደ አምፖሉ እንደማይሄዱ፣ ይልቁንም ጀርባቸውን ወደ ብርሃኑ እንደሚያዞሩ አሳይተዋል። በራሪ ነፍሳት በጨለማ ላይና ታችን የሚለዩት በአመዛኙ በዚህ መንገድ ነው፤ ሰው ሠራሽ መብራት ከመምጣቱ በፊት በሌሊትም ቢሆን ሰማይ ከምድር ይልቅ ብሩህ ስለነበረ፣ ጀርባን ወደ ብሩሁ ወገን መስጠት ቀጥ ብሎ ለመብረር በቂ ነበር። አምፖል ከጎናቸው ሲያጋጥማቸው ግን ጀርባቸውን ወደ እርሱ ሲያዘነብሉ በረራቸው ይጎብጥና በዙሪያው ይሽከረከራሉ፤ በላዩ ሲያልፉ ይገለበጡና ቁልቁል ይወድቃሉ፤ ከሥሩ ሲያልፉ ደግሞ ሽቅብ ወጥተው ፍጥነታቸውን ያጣሉ። በተመሳሳይ ሙከራ ብርሃኑ ከላይ ተበትኖ ሲወርድባቸው ሳይደናገሩ በቀጥታ በረዋል። ጥናቱ ከሩቅ የሚመጡበትን ምክንያት ሁሉ ይገልጻል ማለት አይደለም፤ መብራቱ በአቅራቢያው ያለፉትን ነፍሳት እንዴት እንደሚያጠምዳቸው ግን በሚገባ ያሳያል። እንግዲህ ሸረሪቷ በአምፖሉ ዳር ድር ስታደራ፣ የምትጠብቀው በረራው የተዛባበትንና ደክሞ የሚወድቀውን ነው፤ ከዚያ የተሻለ ቦታ በሰፈሩ ውስጥ አታገኝም።

የአምፖሉ ቀለምም ለውጥ ያመጣል። የብዙ ነፍሳት ዓይን ለሰማያዊና ለእኛ ለማይታየን አልትራቫዮሌት ብርሃን ንቁ ነው። በገበያ የሚገኘው ነጭ ኤልኢዲ በመሠረቱ ሰማያዊ ብርሃን የሚያመነጭ ሆኖ፣ በላዩ በተቀባ ቢጫማ ንጥረ ነገር አማካይነት ነጭ መስሎ የሚታይ ነው፤ በካርቶኑ ላይ 6500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) የተጻፈበት ከሆነ ሰማያዊው ድርሻ ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ 2700 ወይም 3000 ኬልቪን የሆነ፣ ቢጫማ ብርሃን የሚሰጥ አምፖል ይግዙ። ሆኖም የካርቶኑን ጽሑፍ ብቻ አይመኑ፤ «ዋርም» ተብሎ ተጽፎበት ሲያበሩት እንደ ፋርማሲ መብራት የሚነጣ ርካሽ አምፖል በየሱቁ ሞልቷል፤ ባለሱቁ አብርቶ ሳያሳይዎት ገንዘብ አይክፈሉ። ቀለሙን መለወጥ ነፍሳቱን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋቸውም። ከሁሉ የሚሻለው የማያስፈልግን መብራት ማጥፋት ነው። ለጥበቃ ሲባል ማደር አለበት ከተባለ ደግሞ ከበሩ በላይ መሆኑ ቀርቶ ከበሩ ራቅ ብሎ በግቢው አጥር ወይም በውጭ በር በኩል ይተከል፤ ከላይና ከጎን የሚጋርደው ቆብ ይደረግለትና ብርሃኑን ወደ ታች ብቻ ይልቀቅ። የሰው እንቅስቃሴ ሲያይ ብቻ የሚበራ መሣሪያ ቢገጠምለትም መልካም ነው።

አሁን ወደ ጭላንጭሉ እንምጣ። ጠፍቶ የሚያጭለጨልጭ ኤልኢዲ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቁመው፣ ማጥፊያው መቁረጥ የሚገባውን ፌዙን (ኤሌክትሪኩን ይዞ የሚመጣውን ሽቦ) ትቶ ኒውትራሉን (የመመለሻውን ሽቦ) እየቆረጠ መሆኑን ነው። ማጥፊያው ላይ ትንሽ ጠቋሚ መብራት ካለ ወይም ሁለት ሽቦዎች ረጅም መንገድ ጎን ለጎን ከሄዱም ተመሳሳይ ነገር ሊታይ ይችላል፤ የእርስዎ ግን አምና የተተከለና ገና ከጅምሩ እንዲህ የሆነ ስለሆነ፣ ሽቦው ተገላብጦ ታስሯል ብዬ እገምታለሁ። ይህ የቸኮለ ሠራተኛ ጥፋት ነው፤ መብራቱ በርቶ ስለሚጠፋ ሥራው የተሳካ ይመስላል፤ ነገር ግን አምፖሉ ጠፍቶም 220 ቮልት በመያዣው ውስጥ ያድራል። መሰላል ላይ ቆሞ በእርጥብ ጨርቅ ድር የሚጠርግ ሰው ማጥፊያውን ተማምኖ እጁን ቢሰድ፣ ኤሌክትሪኩ ባይገድለው እንኳ ከመሰላሉ ሊጥለው ይችላል። ስለዚህ ደግሜ እላለሁ፤ ብሬከሩ ሳይወርድ አምፖሉም ሆነ በዙሪያው ያለው ድር አይነካ፤ ብሬከሩም ሲወርድ ሌላ የቤት ሰው መልሶ እንዳያነሣው ይነገር።

ቀጥሎ ክፍተቶቹን ይፈልጉ። ሲመሽ የሳሎኑን መብራት አብርተው የበረንዳውን አጥፍተው ከውጭ ይቁሙ፤ ብርሃን ሾልኮ የሚታይበት ቦታ ሁሉ የነፍሳት መግቢያ ነው። በላሜራ በር ላይ ከታች የሚገኘው ክፍተት ዋነኛው ይሆናል። ዛሬ የሚሸጠው ላሜራ እጅግ የሳሳ በመሆኑ በድሬዳዋ ፀሐይ ይጣመማል፤ ሲተከል ተስተካክሎ የነበረው በር ከጊዜ በኋላ ጣት የሚያሳልፍ ክፍተት ይፈጥራል። በማጣበቂያ የሚለጠፈውን ስፖንጅ አልመክርም፤ ሙቀቱ ማጣበቂያውን ያቀልጠውና ስፖንጁ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ያኔ ራሱ የሸረሪት መደበቂያ ይሆናል። ከአሮጌ የመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ቁራጭ ይቁረጡ፤ በቀጭን የአሉሚኒየም ወይም የብረት ዘንግ ከበሩ ግርጌ ጋር አጣብቀው በሪቬት ይምቱት፤ ላስቲኩ ወለሉን ሳይታጠፍ የሚነካ ይሁን።

የመብራቱ ሽቦ ግድግዳውን ሰብሮ የገባበትን ቀዳዳም ይመልከቱ። እንዲህ ባለ ሥራ ቀዳዳው በጋዜጣ ተጠቅጥቆ በላዩ በጄሶ ተለስኖ አይቻለሁ፤ ጄሶው ሲረግፍ ለሸረሪት ምቹ ጎጆ ይቀራል። ጋዜጣውን አውጥተው በሲሚንቶ ይሙሉት፤ የሽቦ ቱቦውን አፍ ደግሞ በሲልከን ይዝጉት፤ ይህንም ሲሠሩ ብሬከሩ የወረደ ይሁን። በርካሽ የሚሸጠው ሲልከን ደርቆ ስለሚሸበሸብ በአንድ በጋ ከግድግዳው ይላቀቃል፤ ለውጭ ሥራ የተዘጋጀውን ይምረጡ። የአየር መተላለፊያዎችን ግን እንዳይደፍኑ፤ በድሬዳዋ ሙቀት ቤቱን ምድጃ ማድረግ ይሆናል። በእነርሱና በመስኮቶቹ ላይ ቀዳዳው ከ1.5 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ወንፊት በፍሬም ይግጠሙ።

ሸረሪቶቹን ማንሣት ከዚህ ሁሉ ቀላሉ ሥራ ነው። በግድግዳ ላይ ያለችውን በብርጭቆ ይክደኗት፤ የደብተር ሽፋን ወይም ቀጭን ካርቶን በዝግታ በሥሩ ያሳልፉና ይዘው ይውጡ፤ እግሯ ከብርጭቆው ጠርዝ እንዳይጨፈለቅ ብቻ ይጠንቀቁ። ለኮርኒስ ደግሞ የሃይላንድ ጠርሙስ ሥሩን ቆርጠው አንገቱን በረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ ያጥብቁ፤ አፉን ከሸረሪቷ ሥር ይዘው በለስላሳ መጥረጊያ ቀስ ብለው ቢነኳት፣ ድር የምታደራዋ ብዙውን ጊዜ በክሯ ተንጠልጥላ ወደ ጠርሙሱ ትወርዳለች። በኮርኒስ ማዕዘን የምትኖረው ረጅም ቀጫጭን እግር ያላት ሸረሪት ስትደነግጥ ድሯን እያወዛወዘች ትንቀጠቀጣለች፤ አንዳንዴም እንቁላሎቿን በአፏ ይዛ ትገኛለች። እርሷን ሜዳ ላይ መጣል አይገባም፤ ጥላና መጠለያ ስለምትፈልግ ወደ ዕቃ ቤት ወይም ወደ ጓሮ ዳስ ያዛውሯት። ድር የማትሠራዋንና በቀን በግድግዳ ላይ እየዘለለች ዝንብ የምታድነዋን ትንሿን ሸረሪት እኔ ብሆን እዚያው እተዋታለሁ። የትኛዋንም ቢያወጡ ወደ ማታ፣ ከተክል ሥር ይልቀቋት፤ በቀትር በጋለ ሲሚንቶ ላይ መልቀቅ ከመግደል አይለይም። አቧራ የተሸከመውንና ባለቤት የሌለውን አሮጌ ድር ግን ያለ ሐሳብ ይጥረጉት።

እጅዎን ወደማያዩት ጥግ፣ ለምሳሌ ከተደረደረ ብሎኬት ወይም ከአሮጌ ዕቃ ጀርባ፣ ያለ ወፍራም ጓንት አይስደዱ። በዚህ አገር የሚያሠጋው ከሸረሪት ይልቅ ጊንጥ ነው። ከሸረሪቶቹም መካከል በአፍሪካ በሰፊው የምትገኘው፣ ከሆዷ በታች እንደ ሰዓት መስታወት ያለ ብርቱካንማ ምልክት ያላትና የእንቁላል ከረጢቷ በዙሪያው እሾህ መሰል ጉጦች ያሉት ቡናማዋ ሸረሪት ንክሻዋ ያማል፤ እርሷን በረጅም ዘንግና በጠርሙስ ብቻ ያንሷት። በሌሊት ወለሉ ላይ በፍጥነት የምትሮጠው፣ ትልቅ መንጋጋ ያላት ጸጉራም ቢጫማ ፍጥረት ደግሞ መልኳ ቢያስፈራም መርዝ የላትም፤ ሸረሪትም አይደለችም። ወደ መብራት የሚመጡ ነፍሳትን ለመብላት ስለምትመጣ የበሩ ላስቲክ ይበቃታል።

ስለ መርጨት ጎረቤቶችዎ የሰጡት ምክር ለከተማችን የሚስማማ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ ለተከሰተው የወባ ወረርሽኝ ምክንያት ከሆኑት አንዷ አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለችው ትንኝ ናት፤ ይህች ትንኝ በውኃ ማጠራቀሚያዎች የምትራባ ስትሆን በኢትዮጵያ በተደረጉ ፍተሻዎች ብዙዎቹን የተለመዱ ፀረ ተባይ መድኃኒቶች እንደምትቋቋም ታይቷል። በገበያ በላስቲክ ተቋጥሮ የሚሸጠውን ስም የለሽ መርዝ ቢረጩ ሸረሪቶቹ ሲያልቁ ትንኟ ልትተርፍ ትችላለች፤ ልጆችና ዶሮዎችም ይጎዳሉ። ሸረሪቶቹ ብቻቸውን ከወባ ይጠብቁናል ማለቴ ግን አይደለም፤ በርሜሉንና ሮቶውን በደንብ መክደን፣ በአጎበር መተኛትም የግድ ነው።

የሥራው ቅደም ተከተል እንዲህ ይሁን፦ መጀመሪያ ብሬከሩን አውርደው አምፖሉን ይለውጡ፤ በሚቀጥሉት ቀናት ክፍተቶቹን ይድፈኑ፤ ሸረሪቶቹን ማንሣት መጨረሻ ላይ ይሁን፤ አስቀድመው ቢያነሡአቸው ምግቡ እስካለ ድረስ ሌሎች ይተካሉና። አዲሱን አምፖል ከገጠሙ በኋላ በማጥፊያው ሲያጠፉት ዳግም የሚያጭለጨልጭ ከሆነ፣ አምፖል መቀያየሩን ትተው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይጥሩና በማጥፊያው ውስጥ የሚያልፈው ፌዙ መሆኑን በመለኪያ እንዲያረጋግጥልዎ፣ ካልሆነም ገልብጦ እንዲያስርልዎ ይንገሩት። እርሱ እስኪመጣ ድረስ በአምፖሉ ላይ የቀረውን ድር እንዳለ ይተዉት።