ሩዝ በጥቂት ውኃ፦ የአንባብያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ ሩዝን በለጋ ችግኝ፣ አራርቆ በመትከልና ማሳው ላይ ውኃ ሳያስተኙ ስለማልማት ናቸው። ተመሳሳዮቹን በአንድ አጠቃለን መልሰናል።

ጥያቄ፦ ይህ ዘዴ የተለየ ዝርያ ይፈልጋል? ሩዝስ ውኃ ውስጥ ካልቆመ እንዴት ያፈራል?

መልስ፦ የተለየ ዝርያ አይፈልግም፤ በእጅዎ ያለው ዘር ይሆናል። የሚለወጠው አያያዙ ነው። ዘዴው የተገኘው በማዳጋስካር ነው። ከ1961 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚያ የኖሩት የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን አንሪ ደ ሎላኒዬ ከገበሬዎች ጋር ለዓመታት ሲሞክሩ ቆዩ። በ1983 ዝናብ ሲያጥር ችግኙ ያለወትሮው በ15 ቀኑ ተነቅሎ ተተከለ፤ ከዚያም ከሚጠበቀው በላይ ብዙ ግንድ አወጣ። ዘዴው ከዚያ ተነሥቶ ተስፋፋ።

ሩዝ የቆመ ውኃን ይችለዋል እንጂ አይመርጠውም። ጭቃው ውስጥ አየር ስለማይኖር ሥሩ ከቅጠል አየር የሚያወርድለት ክፍት መተላለፊያ በውስጡ ይሠራል፤ ውሎ አድሮ ግን ብዙው ሥር ይሞታል። ፍሬ መሙላት ሲጀምር ከሁለት ማሳ አንድ አንድ እግር ቆፍረው አውጡና ሥሩን እጠቡት። ውኃ ተኝቶበት የኖረው ጥቁር፣ አጭርና የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ይሆናል፤ አየር ያገኘው ነጣ ወይም ቡናማ ያለ፣ ረጅምና ስትጎትቱት የማይበጠስ ነው። እስከ መጨረሻው ፍሬውን የሚመግበው ሁለተኛው ነው።

ታዲያ ገበሬ ማሳውን በውኃ የሚሞላው ለምንድን ነው? በዋናነት አረምን ለማፈን ነው። ይህን በልብዎ ይያዙት፤ ከዚህ በታች የምንመልሰው አብዛኛው ጥያቄ ተመልሶ የሚያርፈው እዚሁ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ሩብ ሄክታር መሬት አለኝ። ስንት ኪሎ ዘር ያስፈልገኛል? መደቡንስ እንዴት ላዘጋጅ?

መልስ፦ ስሌቱን አብረን እንሥራው። በ25 በ25 ሳንቲ ሜትር ሲተከል በአንድ ካሬ ሜትር 16 እግር፣ በሩብ ሄክታር 40,000 እግር ይገባል። የብዙ ዝርያዎች ሺህ ፍሬ ወደ 25 ግራም ስለሚመዝን 40,000 ፍሬ አንድ ኪሎ ብቻ ነው። የማይበቅለውንና የሚጎዳውን አስበው ከ1.5 እስከ 2 ኪሎ ያዘጋጁ።

ዘሩ እንዲህ ትንሽ ስለሆነ እያንዳንዱ ፍሬ ሙሉ መሆን አለበት። ያልቆየ ጥሬ እንቁላል በባልዲ ውኃ ውስጥ ይክተቱ፤ ይሰምጣል። እንቁላሉ ተንሳፎ ጫፉ የሳንቲም ያህል ከውኃው በላይ እስኪታይ ድረስ ጨው እየጨመሩ ያማስሉ። እንቁላሉን አውጥተው ዘሩን ያፍስሱ፣ ያማስሉ፣ የተንሳፈፈውን ያስወግዱ። ከሲሶው በላይ ከተንሳፈፈ ወይ ጨዉ በርትቷል ወይ ዘሩ ደካማ ነው፤ ትንሽ ውኃ ጨምረው እንደገና ይሞክሩ። የሰመጠውን ወዲያውኑ በንጹሕ ውኃ ሁለት ሦስት ጊዜ ማለቅለቅ እንዳይረሳ፤ ጨው የቀረበት ዘር ለመብቀል ይቸገራል። ከዚያ 24 ሰዓት ይዘፍዝፉት፣ ውኃውን አጠንፍፈው በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለው ሌላ 24 ሰዓት ያቆዩት፤ ብርድ ከሆነ እስከ 48 ሰዓት። ነጩ ጫፍ ብቅ ሲል ይዝሩት። ከዚያ ካለፈ ቡቃያው በእጅ ሲነካ ይሰበራል።

መደቡ በድምሩ 25 ካሬ ሜትር ይበቃል። ስፋቱ አንድ ሜትር፣ ከፍታው ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ከሁለቱም ጎን እጅ እንዲደርስ ነው። አፈሩን ከተነፋ ኮምፖስት ጋር ያደባልቁ። በካሬ ሜትር ከ60 እስከ 80 ግራም ይበትኑ፣ በስስ ኮምፖስት ያልብሱ፣ በገለባ ይሸፍኑ፤ ቡቃያው ሲታይ ገለባውን ያንሡ። ጠዋትና ማታ በማጠጫ ውኃ ይርጩ። መደቡን ከማሳው አጠገብ ያድርጉት፤ ምክንያቱን ቀጥሎ ያገኙታል።

ጥያቄ፦ የ10 ቀን ችግኝ አንድ አንድ አድርጌ ተከልኩ። ሲሶው ሞተ፤ የቀረውም ለሦስት ሳምንት ምንም ሳያድግ ቆመ። ዕድሜው አንሶት ይሆን?

መልስ፦ ዕድሜው ልክ ነው። ከ8 እስከ 12 ቀን፣ ሁለት ቅጠል ሲኖረውና የዘሩ ልጣጭ ገና ከሥሩ ሳይላቀቅ ጥሩ ጊዜው ነው። (በቀዝቃዛ አካባቢ ቀን ሳይሆን ቅጠል ይቁጠሩ።) ችግሩን ያገኘነው በደብዳቤዎ ሁለተኛ ገጽ ላይ ነው፦ ችግኙ ማለዳ ተነቅሎ፣ ሥሩ ታጥቦ፣ በእስር በእስር ተቋጥሮ፣ ከሰዓት በኋላ ተተክሏል። የ30 ቀን ችግኝ ይህን ይችላል፤ የ10 ቀኑ አይችልም።

ለጋ ችግኝ አይነቀልም፣ ከነአፈሩ ይነሣል። አካፋ ወይም ጠፍጣፋ ቆርቆሮ ከመደቡ ሥር በአምስት ሳንቲ ሜትር ጥልቀት አስገብተው እንደ ዳቦ ቁራጭ ያንሡት፣ በሰሐን ይዘው ማሳው ውስጥ ቀስ ብለው አንድ አንድ እየለዩ ይትከሉ። ከተነሣ እስከሚተከል ከ30 ደቂቃ አይለፍ። መደቡ ማሳው ዳር ይሁን ያልነው ለዚህ ነው።

አተካከሉ ላይም ብዙ ሰው ይሳሳታል። ችግኙን በአውራ ጣት ቁልቁል ሲጫኑት የሥሩ ጫፍ ወደ ላይ ይቀለበሳል፤ ጫፉ ተመልሶ ቁልቁል እስኪዞር ቀናት ያልፋሉ፣ ተክሉም በዚያ ጊዜ አያድግም። እርስዎ ያዩት መቆም ይኸው ነው። በጣትዎ መካከል ይዘው ጭቃው ላይ በአግድም እየጎተቱ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ብቻ ያስገቡት፤ ሥሩ ጋደም ብሎ ይቀራል፣ ጫፉም በቀላሉ ወደ ታች ያመራል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን? ሩዝ ግንድ የሚጨምረው በዙር ነው፤ አንድ ዙር ሲመቸው 5 ቀን ያህል፣ ሳይመቸው ከዚያ በላይ ይፈጃል። የጃፓኑ ተመራማሪ ካታያማ እንዳጠናው የመጀመሪያው ተጨማሪ ግንድ የሚወጣው በአራተኛው ዙር ነው፣ ከዚያ ቁጥሩ ይረባል፦ 1፣ 1፣ 2፣ 3፣ 5፣ 8፣ 12፣ 20፣ 31። እስከ 12ኛው ዙር የደረሰ ተክል ከዋናው ግንድ ጋር በድምሩ 84 ግንድ ሊኖረው ይችላል። ከአራተኛው ዙር በፊት ሥሩ ሳይጎዳ የተተከለ ችግኝ ይህን ጉዞ አይስትም፤ ሥሩ ተበጥሶ ሁለት ሦስት ዙር የቆመ ግን የሚያጣው ብዙ ግንድ የሚወጣባቸውን የመጨረሻ ዙሮች ነው። ሁሉም ማሳ 84 ይደርሳል ማለታችን አይደለም፤ ከአንድ እግር 30 ግንድ ማግኘትም ጥሩ ውጤት ነው።

ጥያቄ፦ ውኃውን ቀነስኩ፤ አረሙ ግን ሩዙን ዋጠው።

መልስ፦ ብዙ ሰው ዘዴውን የሚተወው እዚህ ላይ ስለሆነ በግልጽ እንናገራለን። የማረሚያ ጉልበትና መሣሪያ ያላዘጋጀ ሰው ውኃውን አይቀንስ። ውኃ ያፍነው የነበረውን አረም አሁን የሚያጠፋው ሰው ነው።

ምቹው መሣሪያ ጥርስ ያላቸው መሽከርከሪያዎች የተገጠሙለት፣ በእጅ የሚገፋ ማረሚያ ነው። የመጀመሪያው አረማ በተተከለ በ10ኛው ቀን ይሁን፣ አረሙ ገና ክር ሳለ። ከዚያ በየ10 እና 12 ቀኑ፣ ቅጠሉ ተገናኝቶ መሬቱን እስኪሸፍን፣ በጠቅላላው 3 ወይም 4 ጊዜ። ከማረም በፊት ማታ 2 ሳንቲ ሜትር ውኃ ያስገቡ፤ በደረቅ መሬት ጥርሱ አይዞርም። መሣሪያው አረሙን ጭቃ ውስጥ ይቀብረዋል፣ አፈሩንም አላልቶ አየር ያስገባል፤ ስለዚህ አረም ባይታይም መግፋቱ ዋጋ አለው። ለዚህ ግን መስመሩ በቁመትም በአግድምም ቀጥ ማለት አለበት። በየ25 ሳንቲ ሜትሩ የተቋጠረ ሲባጎ ወይም ጥርሱ በዚያ ርቀት የተተከለ የእንጨት መስመር ማውጫ ይበቃል። በአንድ አቅጣጫ ብቻ የተሰመረ ማሳ ግማሹ በእጅ ይታረማል።

ጥያቄ፦ ማጠጣት ያለብኝ መቼ እንደሆነ እንዴት ልወቅ? መሬቱ ሲሰነጠቅ እደነግጣለሁ።

መልስ፦ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አያስደነግጥም፤ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ግን ዘግይተዋል ማለት ነው፣ የሚያስገቡት ውኃም በዚያው ሰርጎ ይጠፋል።

በግምት ከመሥራት አንድ ቱቦ ይቅበሩ። ርዝመቱ 30፣ ወርዱ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ የፕላስቲክ ቱቦ ይውሰዱ፤ የታችኛውን ግማሽ ዙሪያውን በየ2 ሳንቲ ሜትሩ ይብሱት። የተበሳውን 15 ሳንቲ ሜትር መሬት ውስጥ ይቅበሩ፣ ውስጡ ያለውን አፈር ዝቀው ያውጡ። ውኃ ሲያስገቡ በቱቦው ውስጥና ውጭ እኩል ካልቆመ ቀዳዳው ተደፍኗልና ነቅለው ይጠቡት። ከዚያ በኋላ ሥራው መመልከት ብቻ ነው፦ የቱቦው ወለል ላይ ውኃ ሲጠፋ ያጠጡ። ሥሩ ገና ከዚያ በታች እርጥበት ያገኛል። ቱቦው ማሳው አማካይ ቦታ ላይ ይሁን፤ ከፍ ባለው ወይም ጎድጎድ ባለው ላይ ከተቀበረ ያሳስታል። መሬቱ ካልተስተካከለ ደግሞ የትኛውም ቱቦ አያድንም፣ አንዱ ጥግ ሲደርቅ ሌላው ይሰምጣልና።

በሁለት ወቅቶች ግን ይህን ደንብ አይጠቀሙ። በተተከለ የመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት ጭቃው ሁልጊዜ እርጥብ ይሁን፣ ውኃ ግን አይተኛ። ከማበቡ አንድ ሳምንት በፊት ጀምሮ አብቦ እስኪያልፍ አንድ ሳምንት ደግሞ ከ2 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ውኃ ይቁምበት፤ ያን ጊዜ የተጠማ ሩዝ ዛላው ባዶ ይቀራል።

ጥያቄ፦ ዩሪያ ብጨምር ይጎዳል?

መልስ፦ አይጎዳም፤ ግን ባንድ ጊዜ አይጣል። መሬቱ ደርቆ እንደገና ሲረጥብ ናይትሮጅኑ ወደ ጋዝ ተለውጦ ይበናል። ከፋፍለው፣ እርጥብ ሆኖ ውኃ ባልቆመበት ጭቃ ላይ፣ ልክ ከማረምና ከማጠጣት በፊት ይስጡት። መሠረቱ ግን ኮምፖስት ነው፤ ለሩብ ሄክታር 2.5 ቶን ያህል።

ጥያቄ፦ አዳዲሶቹ ቅጠሎች ነጣ ብለው ቢጫ ሆኑ፤ የቅጠሉ ጅማት ብቻ አረንጓዴ ነው።

መልስ፦ የብረት እጥረት ይመስላል። አሸዋማ ወይም ኖራ በበዛበት አፈር ላይ ውኃ ሲሸሽ ብረቱ ለሥሩ የማይደርስ ይሆናል። ለአንድ ሳምንት ውኃ ያስተኙበት፤ አዲስ የሚወጣው ቅጠል አረንጓዴ ከሆነ ምክንያቱ ተረጋገጠ፣ በዚያ ማሳ ላይ የማድረቂያውን ጊዜ ያሳጥሩ። ቢጫው ከታችኛው አሮጌ ቅጠል ከጀመረ ጉድለቱ የናይትሮጅን ነው። ሥሩ ላይ እንደ ቋጠሮ ያበጠ ካዩ ደግሞ ናማቶድ የተባለው ጥቃቅን የአፈር ትል ነው፤ እሱም ረዘም ያለ የቆመ ውኃ አይወድም።

ጥያቄ፦ ማሳዬ ክረምቱን ሙሉ ውኃ የማይወጣለት ረግረግ ነው። ልሞክር?

መልስ፦ በለጋ ችግኝ አይሞክሩ፤ በመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ይሰምጣል፣ ቀንድ አውጣም ይጨርሰዋል። በማሳው ዳር ዙሪያ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቦይ ቀድደው ውኃውን ማውጣት ከቻሉ ከፍ ያለውን ጥግ፣ 100 ካሬ ሜትር ብቻ፣ በዚህ ዘዴ ይትከሉ። ካልቻሉ ጠንከር ያለ ችግኝ ይጠቀሙና መራራቁን፣ ኮምፖስቱንና ማረሚያውን ይውሰዱ። እነዚህ ብቻቸውንም ይጠቅማሉ።